ወረፋም ዋጋ ነው



በ2014 ዓ.ም. ክረምት የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከ36 ብር ከ87 ሳንቲም ወደ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ከፍ አለ። መንግሥት ለዓመታት ሲሸከመው የኖረውን ድጎማ ደረጃ በደረጃ ማንሳት የጀመረበት ወቅት ነበር። በየታክሲውና በየሻይ ቤቱ የተነሣው ቅሬታ በቂ ምክንያት ነበረው፤ ነዳጅ ሲወደድ ሽንኩርቱም ጤፉም አብሮ ይወደዳል። እኔ ግን ዛሬ የምጠይቃችሁ ከዚያ በፊት ስለነበረው ዋጋ ነው። ማደያው ላይ 36 ብር ከ87 ተብሎ የተለጠፈው ቤንዚን በአንድ የክልል ከተማ ባጃጅ ለሚነዳ ሰው በእርግጥ ስንት ያስወጣው ነበር?

አንዱ ሹፌር ከንጋት በፊት ተነሥቶ ማደያ በር ላይ ይሰለፋል፤ ግማሽ ቀኑን ያለ ሥራ አሳልፎ ይቀዳል። ሌላው ወረፋው አላዋጣው ሲል መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ከተለጠፈው ዋጋ እጅግ አስበልጦ ይገዛል። ሦስተኛው ማደያ ውስጥ የሚያውቀው ሰው አለው፤ ለትውውቁም የሚገባውን ያደርጋል። ሦስቱም ከተለጠፈው በላይ ከፍለዋል። የከፈሉበት መንገድ ብቻ ይለያያል፤ አንዱ በሰዓት፣ አንዱ በብር፣ አንዱ በውለታ።

ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ይህንኑ ነው። የኢኮኖሚክስ ትምህርት ስለ ባንክና ስለ ምንዛሬ ብቻ የሚያወራ ይመስላል። ለእኔ ግን ትልቁ ጥቅሙ ከሁለት ጥያቄዎች ጋር መለማመድ ነው፤ ይህን ማን ይከፍላል? የሚከፍለውስ በምን? ጥያቄዎቹን በየቀኑ የምንጠይቅ ብንሆን ብዙ የፖሊሲ ክርክራችን መልኩ ይለወጥ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ዋጋ በአዋጅ ሲያዝ ወጪው አይጠፋም። ውሃ በአንድ በኩል ሲደፈን በሌላ በኩል መውጫ እንደሚፈልግ፣ ወጪውም ሌላ መውጫ ይፈልጋል። ወደ ወረፋ፣ ወደ ዘመድ አዝማድ፣ ወደ ጉቦ፣ ወደ ጥራት መጓደል ይሄዳል። በሥራ መውጫ ሰዓት አዲስ አበባ መገናኛ ቆማችሁ የምታውቁ ይህን በዓይናችሁ አይታችኋል። ታሪፉ የተወሰነ ነው፤ ሰው ግን ብዙ፣ ታክሲው ጥቂት ነው። ታክሲው መንገዱን ይቆራርጣል፤ አንድ የነበረው ጉዞ ሁለት ይሆናል፤ ተሳፋሪው ሁለት ጊዜ ይከፍላል፣ ሁለት ጊዜም ይሰለፋል። የታሪፍ ሰሌዳው ላይ ምንም አልተነካም።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ችላ የሚባል ነገር ስላለ። በብር የተከፈለና በወረፋ የተከፈለ ዋጋ አንድ አይደሉም። ለነዳጅ የሰጠሁት ተጨማሪ ብር ከአንድ ሰው እጅ ወጥቶ ሌላ ሰው እጅ ይገባል። ያ ሰው ሻጭ ከሆነ ተጨማሪ ለማምጣት ይነሣሣል፤ መንግሥት ከሆነ ትምህርት ቤት ሊሠራበት ይችላል። ሹፌሩ ወረፋ ላይ ያጠፋቸው አምስት ሰዓታት ግን ማንም እጅ አልገቡም። ማደያው አላገኛቸውም፤ መንግሥት አላገኛቸውም፤ አንዲት ተጨማሪ ሊትርም አላመጡም። ከአገሪቱ ላይ እንዲሁ ተቀንሰዋል። መቶ ሹፌሮች እንዲህ ሲሰለፉ ሃምሳ ያህል የሥራ ቀን ለማንም ሳይጠቅም ባከነ ማለት ነው። ነዳጁም ቢሆን በርካሽ ስለተሸጠ አገር ውስጥ አልቀረም። በጎረቤት አገሮች ዋጋው እጅግ ከፍ ያለ ስለነበር፣ በብርቅ የውጭ ምንዛሬ ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል የገባው ነዳጅ ከፊሉ በኮንትሮባንድ ተመልሶ ድንበር ይሻገር ነበር። ድጎማው የታሰበለት ተሳፋሪ ወረፋ ላይ ቆሞ ሳለ ከድጎማው ከፊሉን የድንበር ነጋዴ ወሰደው።

«ወረፋ ቢያንስ ለድሃው ይሻላል፤ ድሃ ገንዘብ ባይኖረው ጊዜ አለው» የሚሉ አሉ። በቅን ልቦና የሚነገር ነው፤ ስለዚህ በቅን ልቦና መመለስ አለበት። የቀን ሠራተኛ ጊዜ አለው? ከሥራ የቀረበት ቀን የቀን ገቢው የቀረበት ቀን ነው። ደመወዝተኛው ግን ከቢሮ ወጣ ብሎ ይሰለፋል፤ ያም ባይሆን የቤት ሠራተኛውን ይልካል። በሸማቾች ማኅበር በር ላይ ለስኳርና ለዘይት የተሰለፉትን አስታውሱ። አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ፤ ጉሊታቸውን ትተው፣ ልጅ አዝለው የቆሙ ሴቶች። በእርግጥ እያንዳንዱ ቤተሰብ በኩፖን የተመጠነ ድርሻ ሲሰጠው ከተራ ግፊያ ይሻላል፤ ድርሻው የታወቀ ነውና ጉልበተኛው ሁሉንም አይወስድም። የቀበሌ ራሽን ብዙ ቤተሰብ እንዳዳነ መካድ አልችልም፤ መካድም አልፈልግም። የምለው፣ የሴትዮዋን ቀን ሳንቆጥር ስኳሩ ርካሽ ነበር ማለት አንችልም ነው።

ጊዜም ዋጋ አለው የሚለውን አስተሳሰብ ከውጭ የመጣ አድርጎ የሚያይ ሰው ወደ እቁብ ይመልከት። መርካቶ ባሉ የነጋዴዎች ትልልቅ እቁቦች ውስጥ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን አሁን የሚፈልግ ሌላ አባል ካገኘ ዕጣውን ይሸጥለታል። የገዛው ሰው ከሚደርሰው ገንዘብ ላይ የተወሰነውን ይተውለታል። ዛሬ የሚገኝ ብርና ከስድስት ወር በኋላ የሚገኝ ብር እኩል እንዳልሆኑ፣ መጠበቅም ዋጋ እንዳለው እቁብተኛው ሳይማር ያውቃል። በጽሑፍም ቢሆን አዲስ አይደለም፤ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በድሬዳዋ ጉምሩክ የሠሩና ስለ ንግድና ስለ አስተዳደር አጥብቀው ያሰቡ ሰው ነበሩ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታትሟል። እንግዲህ በአማርኛ ስለ ኢኮኖሚ ማሰብ ከመቶ ዓመት ያለፈ ባህል ነው።

ሰው ግን ለገንዘብ ብቻ የሚንቀሳቀስ ፍጡር ነው እያልኩ እንዳይመስላችሁ። በእስራኤሏ ሐይፋ ከተማ የተደረገ አንድ ጥናት አለ። ዩሪ ግኒዚና አልዶ ሩስቲኪኒ የተባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች በአሥር የሕፃናት መዋያዎች ውስጥ ልጆቻቸውን ለመውሰድ የሚዘገዩ ወላጆችን ይቆጥሩ ጀመር። ከዚያም በስድስቱ መዋያዎች ከአሥር ደቂቃ በላይ የዘገየ ወላጅ 10 ሰቅል እንዲቀጣ ተደረገ። መዘግየት ይቀንሳል ተብሎ ሲጠበቅ ጨመረ፤ ቀስ በቀስ እጥፍ ገደማ ደረሰ። ወላጁ ቀድሞ መምህሯን ማስጠበቅ ያሳፍረው ነበር። ቅጣቱ ሲመጣ ግን መዘግየት በ10 ሰቅል የሚገዛ አገልግሎት ሆነ። የሚያሳስበው ደግሞ ቀጥሎ ያለው ነው፤ ቅጣቱ ሲነሣ እፍረቱ አልተመለሰም፤ ወላጆቹ መዘግየታቸውን ቀጠሉ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ታተመ። ዕድርተኞች የቀሪ መቀጮ ለማውጣት ስትሰበሰቡ ይህን አስቡበት። ለቀስተኛን ከቤቱ የሚያወጣው ይሉኝታ ከሆነ፣ በይሉኝታ ላይ የብር ተመን ማኖር ምን እንደሚያስከትል አስቀድማችሁ ተወያዩ። ይሉኝታም ዋጋ ነው፤ አንዴ ከተሸጠ መልሶ መግዛት ይከብዳል።

አሁን ወደ ትልልቁ ጉዳይ ልለፍ።

ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ገደማ፣ በጥቁር ገበያ ደግሞ እጥፍ በሚጠጋ ዋጋ ይመነዘር ነበር። ብዙ ሰው «ዶላር በ57 ብር» የሚለውን የአገሪቱ ዋጋ አድርጎ ይወስደው ነበር። በዚያ ዋጋ ማን አገኘው? አስመጪው ባንክ ተመዝግቦ ለወራት፣ አንዳንዱም ከዚያ ለረዘመ ጊዜ ይጠብቅ ነበር። ቡና ላኪው ደግሞ ሌላ ሂሳብ ይሠራ ነበር። ቡናውን ከገዛበት ዋጋ በታች ሸጦ ዶላሩን ያገኝ ነበር፤ በዶላሩ የግንባታ ብረት ወይም ሌላ ዕቃ አስመጥቶ ኪሳራውን ከትርፉ ያካክስ ነበር። አንድ ነጋዴ ዕቃውን አውቆ በኪሳራ ሲሸጥ ካያችሁ ሰውየውን ከመውቀሳችሁ በፊት ሂሳቡን መርምሩ፤ ያስገደደው ነገር አለ። የተደበቀውን የዶላር ዋጋ በመጨረሻ የከፈለው ቤት ለመሥራት ብረት የገዛው ሰው ነው፤ በፋርማሲ መድኃኒቱን ያጣው ሕመምተኛም እንዲሁ። ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የኑሮ ውድነቱ ብዙዎችን እንደጎዳ አውቃለሁ። ያ ጉዳት ግን በዚያች ቀን የተወለደ አይደለም፤ አብዛኛው ቀድሞም በሌላ ስም ይከፈል ነበር።

በእህልም ታሪኩ ያው ነበር። በደርግ ዘመን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬው እህል በተወሰነ ዋጋ በኮታ ይሰበስብ ነበር። ለከተማ ነዋሪ ቀበሌ ውስጥ ጤፍ በርካሽ ይደርስ ነበር፤ ይህን የሚያስታውሱ አዛውንቶች ዛሬም ዘመኑን ያመሰግናሉ። የጎጃምና የአርሲ ገበሬ የሚያስታውሰው ሌላ ነው። ኮታው ያልሞላለት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለድርጅቱ በርካሽ ያስረከበበት ጊዜ ነበር። የከተማውን እንጀራ ርካሽ ያደረገው የገበሬው ላብ ነው። ኮታው በ1982 ዓ.ም. በተደረገው ለውጥ ቀረ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የቤት ነገር ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። ኪራይ ተቀነሰ፤ ዝቅተኛ ኪራይ ይከፍል ለነበረው ቅናሹ እስከ ግማሽ ደረሰ። አነስተኛ ኪራይ ያላቸው ቤቶች ለቀበሌ፣ ከፍ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ለብዙ ድሃ ቤተሰብ ይህ እውነተኛ እፎይታ ነበር። በመሐል ከተማ፣ ከገበያውና ከዕድሩ ሳይርቅ፣ አከራይ ነገ ያስወጣኛል ብሎ ሳይሰጋ ልጅ ያሳደገ እልፍ ነው። የዚህን ጥቅም ክብደት የማያውቅ ሰው ስለ ቤት ባይናገር ይሻላል።

ይሁንና ሁለቱን ጥያቄዎች እንጠይቅ፤ ማን ከፈለ? በምንስ? ኪራዩ ለአሥርት ዓመታት ባለበት ቆመ። ከጥቂት ብር ኪራይ የጭቃ ቤት ጣሪያ መቀየር አይቻልም፤ ስለዚህ ቀበሌው አላደሰም። ተከራዩ ቤቱ የእኔ አይደለም ብሎ እጁን ሰበሰበ፤ ማደስ የፈለገም ፈቃድ ለማግኘት ተቸገረ። ቆርቆሮው ዛገ፣ ግድግዳው ተፈረፈረ፣ መጸዳጃው ለብዙ አባወራ አንድ ሆነ። ስለዚህ ተከራዩ በኪራይ ያልከፈለውን በሚያፈስ ጣሪያ ከፈለ።

ከእርሱ በላይ የከፈለ ግን ሌላ ሰው አለ። ከ1967 በኋላ ከደብረ ማርቆስ ወይም ከነቀምቴ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ የመጣ ወጣት! አዋጁ ሲወጣ ከተማው ውስጥ አልነበረም፤ ስለዚህ የቀበሌ ቤት አልደረሰውም። ለአንድ ሰው ከአንድ ቤት በላይ መያዝ ስለተከለከለ ለማከራየት ብሎ የሚሠራ አልነበረም። ያ ወጣት ደባል ሆነ፤ ከሰው ጓዳ በጨርቅ ተጋርዶ ኖረ፤ ለአንዲት ጠባብ ክፍልም ዋናው ተከራይ ለሙሉ ቤቱ ለቀበሌ ከሚከፍለው በላይ ይከፍል ነበር። ስሙ በየትኛውም የቀበሌ መዝገብ አልሰፈረም። ፈረንሳዊው ፍሬደሪክ ባስቲያ እ.ኤ.አ. በ1850 ባሳተመው ጽሑፍ ክፉ ኢኮኖሚስት የሚታየውን ብቻ እንደሚያይ፣ መልካሙ ግን የማይታየውንም እንደሚያስብ አስረድቷል። በእኛ ከተማ የማይታየው ሰው ያ ደባል ነበር።

ይህ የደርግ ነገር ነው፣ የጭቃ ቤት ነገር ነው ብለን እንዳንተወው፣ ስቶክሆልም ያሉ ወገኖቻችንን መጠየቅ ይቻላል። ሀብታም ከተማ ነው፤ አስተዳደሩ የተደራጀ፣ መዝገቡ የጸዳ፣ ቤቱም የታደሰ ነው። ኪራዩ ግን ከገበያው በታች ስለሚወሰን ለመደበኛ ኪራይ ቤት የሚጠበቀው ወረፋ በዓመታት ይቆጠራል። ቀድሞ የተመዘገበው የከተማው ልጅ ይደርሰዋል፤ አዲስ የመጣው ስደተኛ ከሰው ላይ በውድ ይከራያል። መልካም አስተዳደር ወረፋውን ፍትሐዊ ያደርገዋል፤ ሊያጠፋው ግን አልቻለም።

ወደ አገራችን ልመለስ። በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ወጣ። ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ኪራይ የሚጨምረውም በዓመት አንዴ ተቆጣጣሪው አካል በሚያስታውቀው መጠን ብቻ እንዲሆን ይደነግጋል። አስተያየቴን በግልጽ ልናገር። የጽሑፍ ውሉንና የሁለት ዓመቱን ዋስትና እደግፋለሁ። ልጁን በመስከረም ትምህርት ቤት ያስገባ አባት በጥር ውጣ መባል የለበትም፤ ይህ ዋስትና ለተከራዩ ትልቅ ሲሆን ለአከራዩ የሚያስከትለው ወጪ አነስተኛ ነው። የጭማሪው ጣሪያ ግን ያሰጋኛል። የሌላው ዕቃ ሁሉ ዋጋ በፍጥነት በሚንርበት አገር ጣሪያው ዝቅ ካለ አከራዩ ሌሎች መውጫዎችን ይፈልጋል። አዲስ ተከራይ ሲመጣ የሁለቱን ዓመት ጭማሪ ገና ከመጀመሪያው ደምሮ ይጠይቃል፤ ልጅ የበዛበትን ቤተሰብ አላከራይም ይላል፤ ሰርቪስ ቤቱን ይዘጋዋል ወይም መጋዘን ያደርገዋል። ዛሬ ቤት ያለውን ተከራይ የጠበቀ ሕግ ነገ ቤት የሚፈልገውን በር ላይ ሊያስቀረው ይችላል።

ታዲያ ሁሉንም ለገበያ እንተወው ማለቴ ነው? አይደለም፤ ምክንያቴንም ከራሳችን ታሪክ አመጣለሁ። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ላይ ሰው በረሃብ እያለቀ ሳለ ደሴ ገበያ የነበረው የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም። በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው «ድህነትና ረሃብ» በተባለው መጽሐፉ ይህን መርምሮታል። ሰብሉ የጠፋበት፣ ከብቱ ያለቀበት ገበሬ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። የሚገዛበት የሌለው ሰው ዋጋ ሊያስወድድ አይችልም፤ ገበያው የእርሱን ረሃብ አይሰማም። እንዲያውም ከወሎ እህል ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የወጣበት ሁኔታ ነበር፤ እህል ወደሚገዛው ይሄዳልና። የተራበው ሕዝብ በዋናው አውራ ጎዳና ዳር ተኮልኩሎ ነበር።

ይህን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። ዋጋ ብዙ ነገር ይነግረናል፤ የት እጥረት እንዳለ፣ ምን እንደሚፈለግ ያመለክታል። የሚናገረው ግን ገንዘብ በያዘ ሰው አንደበት ብቻ ነው። በወሎ ነጋዴን በዋጋ መቆጣጠር ረሃብተኛውን አያድነውም ነበር፤ ዋጋውማ ዝቅተኛ ነበር። የሚያድነው በእጁ የሚገባ ገንዘብ ወይም እህል ነበር። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም የተነሣው ከዚህ አስተሳሰብ ነው። ለሚሊዮኖች የገጠር ሰዎች እርከን እየሠሩ፣ መንገድ እየጠረጉ በጥሬ ገንዘብ ወይም በእህል ይከፈላቸዋል። መሥራት ለማይችለው አቅመ ደካማ ደግሞ ያለ ሥራ ይሰጠዋል። ጉድለቶች አሉበት፤ ክፍያው የሚዘገይበት፣ የሚገባው ሰው የሚዘለልበት ጊዜ አለ። አቅጣጫው ግን ትክክል ነው፤ ዕቃውን ሳይሆን ሰውየውን ይደጉማል። ነዳጅም ላይ በ2014 ድጎማው ሲነሣ ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ለብቻ ተይዞ በቴሌብር እንዲሰጥ መደረጉ ከዚሁ ወገን ነው። ቤንዚን ለሁሉ ሲደጎም ባለ ትልቁ መኪና ከባለ ባጃጁ ይልቅ ብዙ ይጠቀማል፤ ብዙ ይቀዳልና።

ስለዚህ ቤትም ላይ የምመርጠው መንገድ ይኸው ነው። ቤት የሚሠራው ሰው መሬት ለማግኘት፣ ፈቃድ ለማውጣት፣ ውሃና መብራት ለማስገባት የሚፈጅበት ጊዜ ይጠርለት፤ የቤቱ ቁጥር ይብዛ። አቅሙ ለማይፈቅድ ቤተሰብ ደግሞ በስሙ የኪራይ እርዳታ ይሰጠው። ይህ ከበጀት የሚወጣ ገንዘብ ነው፤ ምክር ቤት የሚከራከርበት፣ ዜጋ የሚያየው ወጪ ነው። የኪራይ ጣሪያ ግን ከበጀት ምንም ስለማያስወጣ ርካሽ ይመስላል። ወጪው በደባሉና ገና ባልመጣው ወጣት ላይ ስላረፈ በጀት ሰነድ ላይ አይታይም።

ለተቆጣጣሪው አካልም፣ ለጋዜጠኞችም፣ ዛሬ እዚህ ለተገኛችሁም አንድ ልመና አለኝ። በየዓመቱ የኪራይ ጭማሪው መጠን ሲገለጽ አብረው ሌሎች ሁለት ቁጥሮች እንዲገለጹ ጠይቁ፤ በከተማው ለኪራይ የቀረቡት ቤቶች ካለፈው ዓመት በዙ ወይስ አነሱ? አዲስ ተከራይ ቤት ለማግኘት ስንት ወር ፈለገ? ውሎች በወረዳ ይመዘገባሉ፤ መነሻ የሚሆን መረጃ አለ። እነዚህ ቁጥሮች በየዓመቱ ይታተሙ።